ሰው ውኃ ላይ እያለ

ደብዳቤው የደረሰኝ በቋንጣ ዓሣ ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ነው። ከጣና ማዶ፣ በደልጊ በኩል ስልክ ከተቋረጠ ወር አልፎት ስለነበር ሰው እንደ ድሮው ወረቀት መላላክ ጀምሯል። የጀልባው ካፒቴን ጆንያውን ከሱቃችን ደጅ ጣል አደረገና «ከሥሩ ፈልጊው» ብሎኝ ሄደ። ከማንበቤ በፊት ሁለት ጊዜ አሸተትሁት። እንዲህ ያለ ነገር የምታደርግ ሴት ብሰማ መጀመሪያ የምስቅባት እኔ ነኝ።

«ኑሰይባ፣ ሰላምታ አልጻፍሁም፤ ሰላም አይደለንም። ከወረዳ የመጣ ሰው ደንገል በር ከዝርዝሩ ወጥታለች አለን። ለምን ስንለው ወረቀት አወጣ። ‹ሐይቁ ጉዳት ያላደረሰባት መንደር› ይላል። ከሥሩ ያንቺ ፊርማ አለበት። አባትሽ ሽማግሌዎቻችንን ከደጅ ሲመልሱ፣ እሳቸው ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም ብዬ ከእናቴ ጋር ተጣልቻለሁ። አሁን ምን ልበላት? ሌላ ሰው ቢጽፈው ሳያውቅ ነው እል ነበር። አንቺ ግን እያወቅሽ ጻፍሽው። ሂሻም።»

ምኑን ነው የማውቀው? አራት ወር ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈልኝ ሰው፣ ሲጽፍ ሊከሰኝ ይጽፋል? ደሜ ፈላ።

ጥር ላይ ወደ ደንገል በር የሄድሁት የምርምር ማዕከላችን ልኮኝ ነው። ከደልጊ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ፣ አርባ አንድ ቤት ያለው፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ከሐይቅ ዳር ቄጠማ ከደንገል ታንኳ እያሰረ የሚኖር የእስላም መንደር ነው። ሥራዬ የአየር ንብረት ለውጥ የትኛውን መንደር ክፉኛ እንደጎዳ መለካት ነበር። ክፉኛ የተጎዱት ሰባት መንደሮች ከክረምቱ በፊት ወደ ከፍታ ይዛወራሉ፤ ሁለት ሁለት ሞተር ጀልባም ይሰጣቸዋል። ቀበሌው መንገድ እንዲያሳየኝ የታንኳ ሠሪው የኢድሪስን ልጅ ሰጠኝ። ሂሻምን።

አሥራ ሁለት ቀን ከቤት ቤት ዞርን። አሥራ አራተኛው ጥያቄ «ባለፉት አሥር ዓመታት ሐይቁ ጎድቶዎታል?» የሚል ነበር። አርባ አንዱም ቤት አንድ መልስ ሰጠኝ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ሐይቁ ደግ ነው።» እኔም አርባ አንድ ጊዜ «ጉዳት የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሂሻም ከጎኔ ቆሞ፣ ሰው በመለሰ ቁጥር ዓይኑን ወደ እኔ ያዞራል። እኔ አቀረቅራለሁ። በእናቱ በእማ ሳዲያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከደረት ከፍ ብሎ ክፍሉን የሚዞር ቡናማ መስመር አየሁ። ጌጥ መስሎኝ «እንዴት ያለ ቆንጆ ቀለም ነው» አልኋቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገባሁ። አባቴ ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ምሳ ላይ ናቸው፤ እናቴ ዘኪያ ከጎናቸው። መጋቢት ላይ የሂሻም አባት ሽማግሌ አስከትለው እጄን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ አባቴ ተቀመጡ እንኳ አላሏቸውም። «ታንኳ የሚያስር እጅ የልጄን እጅ አይዝም» ብለው በሩን ዘጉ። ስለዚህ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ያነበብሁት ሆን ብዬ ነው። አንዷም ቃል ሳታልፋቸው እንድትወጋቸው ፈልጌ።

አንብቤ ስጨርስም አልበቃኝም። የነገሩኝን ነው የጻፍሁት አልሁ፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም፤ አርባ አንድ ሰው ደግ ነው ካለ ክፉ ነው ብዬ ልጻፍ ኖሯል አልሁ።

አባቴ ጉርሻቸውን አፋቸው ሳያደርሱ አቆሙት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የጠየቅሻቸው?»

«ጠዋት ነዋ። በሥራ ሰዓት።»

«ታንኳ ወጥቶ ነበር?»

«ወንዱ ሁሉ ዓሣ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ምን እንዲሉሽ ኖሯል?» አሉ፤ ተቆጥተው ነበር። «ሰው ውኃ ላይ እያለ ሐይቅ አይታማም። ታንኳው ከውኃ ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ ተቆጥሮ ሲያበቃ ነው ክፉው የሚወራው። ይኼን ሕፃን ያውቀዋል።»

ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱ። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ትንሽም እንዳልደነቃት ሳይ ገባኝ። ታውቅ ነበር።

«አባዬ፣ ይኼን ከየት ያውቁታል?» አልሁ።

ትሪውን ገፋ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ሳይታጠቡ ነገሩኝ። ደንገል በር ተወልደው እስከ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ታንኳ አስረዋል። መቅዘፊያ ያስያዛቸው ኢድሪስ ነው። ባሕር ዳር የመጡ ሰሞን ተቀጥረው የሠሩበት ነጋዴ የታንኳ ሠሪ ልጅ መሆናቸውን ሲሰማ የጠጡበትን ብርጭቆ ውጭ አውጥቶ ሰበረው። ነጋዴው መስጊድ ከጎናቸው ተሰልፎ የሚሰግድ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየት ነህ ሲሏቸው ወረታ ይላሉ። አርባ ዓመት ወረታ ብለዋል።

«ኢድሪስ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን አየኝ» አሉ። «አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢናገር ኖሮ ቤቴ በሰው ሁሉ ፊት ይፈርስ ነበር። ተከናንቦ ሄደ።»

የማደርገውን አላውቅም ነበር። ብርጭቆውን የሰበረውን ሰውዬ ከመቃብሩ ጎትቼ ላወጣው ፈለግሁ። አባቴንም ልጮህባቸው ፈለግሁ፤ የተሰበረባቸውን ብርጭቆ መልሰው በሂሻም ላይ ሰብረዋልና። ሁለቱንም አላደረግሁም። ተነሥቼ የእጅ መታጠቢያውን አመጣሁና ውኃ አፈሰስሁላቸው። በሕይወቴ ሁሉ እንደዚያን ቀን የወደድኋቸውም የተቀየምኋቸውም ጊዜ የለም።

*

ሰኞ ዝርዝሩ የሚጸድቅበት ዎርክሾፕ ነበር። ስለሚሰጥሙ ሰዎች ለመወያየት ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት የታሸገ ውኃ ቀርቦልናል። የሆቴሉ አዳራሽ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ጣና ነበሩ፤ ፕሮጀክተሩ እንዲታይ ግን መጋረጃው ተዘግቷል። በጨለማው ውስጥ የሐይቁን ፎቶ እናይ ነበር።

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ፍሬ ስብሐት ሰባቱን መንደሮች አንብቦ ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። የደንገል በር መረጃ ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም የእኔ ነው አልሁ። ምክንያቱን አስረዳሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ውኃ ላይ እያሉ ጠየቅኋቸው፤ እነሱ ደግሞ ሰው ውኃ ላይ እያለ ሐይቁን አያሙም። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ።

«ኑሰይባ፣ አባባል እኮ ዳታ አይደለም» አለኝ ዶክተሩ፤ እንደሚያባብል ሰው።

«ዝምታቸውን ግን ዳታ አድርገን አትመነዋል» አልሁት። «ቤታቸው ግድግዳ ላይ ውኃው የደረሰበት መስመር አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቀለም ነው ብዬ አደነቅሁት። ቅጻችን ላይ ለዓይን የተተወ ቦታ ስለሌለ አልጻፍሁትም። እዚህ ያላችሁት ሁሉ አንድ ቀን ማታ እዚያ መንደር አድራችሁ ታውቃላችሁ? አበሉን ለሌሊቱም እየወሰዳችሁ ጀምበር ሳትጠልቅ ደልጊ አልጋ ቤት የምትገቡ እናንተ አይደላችሁም?»

ሳቁ ቆመ። አንዳንድ ሰው ስልኩን ያይ ጀመር። አብዝቻለሁ፤ ሁልጊዜም አበዛለሁ። ዶክተር ፍሬ ስብሐት ግን ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሻሸ ሰባተኛውን ቦታ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ክፍት አደርገዋለሁ አለ። አርባ አንዱ ቅጽ እንደገና ተሞልቶ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተናግረው፣ ፈርመው። ካልሆነ ደንገል በር ለሚመጣው ዓመት ነው።

የሚመጣው ዓመት ሲል እንዴት ቀለል አድርጎ እንደተናገረው! ሰኔ ተጋምሷል፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ዳርቻው ተሰነጣጥቆ፣ ሰማዩ እንደ ተቀየመ ሰው ፊቱን አዙሯል። አሁን አሁን ዝናቡ እንዲህ ዘግይቶ ሲመጣ ባንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ፎቶው በብርሃን ሲጠፋ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አባቴ እስከ ጀልባው ሸኙኝ። ሸኝተውኝ አያውቁም። ጀልባው ገመዱን ሊፈታ ሲል ጠጋ አሉኝ።

«ኢድሪስን ‹ሙሀመድሰዒድ ሐይቁ እንዴት ነው ይልሃል› በይው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እሱ ይገባዋል» አሉና ፊታቸውን ከለሉ።

*

ደንገል በር የደረስሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጥር ላይ ውኃ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ሦስት መቶ እርምጃ በደረቀ ጭቃ ተራመድሁ። ከጭቃው ማዶ እምቦጭ የሚሉት የውኃ አረም ዳርቻውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል፤ ታንኳ የሚወጣባት ጠባብ ጥርጊያ ብቻ ቀርታለች። ከአሁኑ ጥርጊያና ከቤቶቹ መካከል የመንደሩ መቃብር አለ። ከመቃብሮቹ ግማሹ ድንጋይ የላቸውም። ጥር ላይም አይቻቸው ነበር። ድሆች ናቸው ብዬ አልፌያቸው ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ ከቤታቸው ደጅ ደንገል እየጠቀለሉ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ጣታቸው እንደ ሥር የተቋጠረ ሽማግሌ ናቸው። ከደጃችን እንደ ለማኝ የተመለሱት እሳቸው፣ ሲያዩኝ ብድግ አሉልኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። የአባቴን መልእክት ነገርኋቸው።

ደንገሉን ከእጃቸው አስቀመጡ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አርባ ዓመት ቆይቶ ጠየቀ?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰዎቻችን ገና አልገቡም። መልሱን ስመለስ እሰጥሻለሁ።»

መቅዘፊያቸውን ከግድግዳው አነሡ። «የት ነው?» ብላቸው «ለእራትሽ ዓሣ» አሉ። ጀልባ ላይ በልቻለሁ፣ ቋንጣም ይበቃኛል ብዬ ለመንኋቸው።

«የሙሀመድሰዒድ ልጅ አገሯ ገብታ ደረቅ ዓሣ ልትበላ? ነገ ምን ብሎ ይሰድበኛል!»

ድሮ አምባዛ ከዚሁ ከአፍንጫችን ሥር ይያዝ ነበር አሉ፤ አሁን ትንሽ ራቅ ይላል። ትንሽ ያሉት ከእምቦጩ ማዶ፣ ዳርቻው ከማይታይበት ጥልቅ ውኃ ነው። ለብቻቸው ታንኳዋን ገፍተው ወጡ። አረንጓዴው ጥርጊያ ውስጥ ሲገቡ ነጭ ቆባቸው ብቻ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ።

ሂሻም ዝቅ ብሎ አዲስ ታንኳ እያሰረ ነበር። እያየኝ እንዳላየኝ ገመዱን በእግሩ ረግጦ ያጠብቃል። ከስቷል። አራት ወር ሙሉ ላገኘው ስመኝ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፍቶኝ አጠገቡ ቆምሁ።

«ለምን መጣሽ?» አለ፤ ቀና ሳይል።

«ልጠይቅ።»

«ጠይቀሽ የለ? አርባ አንዱን ቤት።»

«ያኔ አላወቅሁም ነበር።»

«ተይ ኑሰይባ። የማን ልጅ እንደሆንሽ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ አላውቅም ነበር! ቅዳሜ ነው የሰማሁት፤ ምሳ ላይ፣ በጉርሻ መሀል። አርባ ዓመት ወረታ ሲሉን ኖረዋል።»

ገመዱ ከእግሩ ሥር ላላ። ያን ጊዜ ነው ያየኝ። ጥር ላይ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያየኝ በነበረው ዓይን ነው ያየኝ፣ ግን አሁን እየተረዳ።

«እንግዲያ ሰው በመለሰልሽ ቁጥር እኔ ወዳንቺ ሳይ...»

«ስለምትወደኝ መስሎኝ ነበር።»

ባይፈልግም ፈገግ አለ። «እሱም ነበረበት። ግን ‹ማታ ታንኳው ሲገባ እንመለስ› ትያለሽ ብዬ ነበር። በየቀኑ እጠብቃለሁ። አንቺ ወረቀትሽን ታጥፊና ወደ ደልጊ ትሄጃለሽ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«አባትሽ የሸሸጉትን አንቺም የምትሸሽጊ መሰለኝ። ላሳፍርሽ አልወደድሁም።»

እኔ የሂሻምን ዓይን ፍቅር ነው ብዬ አቀረቀርሁ፤ ሂሻም ክብሬን ሊጠብቅ ዝም አለ፤ አባቴ ስማቸውን ሊጠብቁ ዝም አሉ። በሦስታችን ጨዋነት አርባ አንድ ቤት ከገደል አፋፍ ቆሟል። ይኼን ስነግረው እየጮህሁ ነበር። ሂሻም ገመዱን ጥሎ ተነሣና መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አልነካኝም። እጁ የደንገል ሽታ ነበረው።

«ማታ ይነግሩሻል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ታንኳዎቹ ይግቡ እንጂ፣ እኔ ራሴ አስነግርልሻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ግማሹን መቃብር ምን እንደወሰደው እናቴ ትነግርሻለች። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነገረም።»

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር የሚድን መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው በአባቴ ደጅ ሲገቡ፣ አባቴም ተቀመጡ ሲሏቸው ታየኝ። አላህ ይፍረድብኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የአስር ሶላት ተሰግዶ ታንኳዎቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። እየወጡ፣ እየተገለበጡ፣ እንዲደርቁ በጭቃው ላይ ይደረደራሉ። ሴቶቹ መጥተው በተገለበጡት ላይ ተቀመጡ። አርባ አንዱን ቅጽ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስክሪብቶዬን ከፈትሁ። የሰዉ ፊት ተፈትቷል፤ ቀልድም ተጀምሯል። ሰላህ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ «የባሕር ዳር ሰው ሁሉ እንዲህ መንፈቅ ቆይቶ ነው ወይ ጥያቄው የሚገባው?» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ ታንኳዎቹን በጣቱ ቆጠረ።

ጣቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

አሥራ ሦስት። ጠዋት ከወጡት ጋር የጋሽ ኢድሪስ ሲጨመር አሥራ አራት ናቸው።

ሴቶቹ ከተቀመጡበት ወደ ውኃው ዞሩ። ነፋሱ ከጀርባችን፣ ከምድር በኩል መነሣቱን ያኔ ነው ልብ ያልሁት። ሰማዩ በምዕራብ እንደ ተመታ ሥጋ ጠቁሯል። ከምድር የሚነሣ ነፋስ ታንኳን ወደ ዳር አያመጣም፤ ወደ መሀል ይወስዳል። እምቦጩ እንደ አንድ ትልቅ ነገር ጀርባ ይነሣል፣ ይወድቃል። የወጡባት ጥርጊያ ስትዘጋ ዓይኔ እያየ ነው።

ሂሻም አንድ ታንኳ ገልብጦ መጎተት ጀመረ። ሰላህና ሌሎች ሁለት ሰዎች ያዙት። ታገላቸው። በዚህ ነፋስ በደንገል የሚወጣ ሰው አይመለስም፣ ሁለት ሰው አንሰጠውም አሉት። የሚወጣበት ሞተር ጀልባ አለ። ዝርዝሩ ላይ ነው። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይታተማል።

ጭኔ ላይ አርባ አንድ ባዶ ወረቀት አለ። ነገ ጠዋት ጀልባው ይመለሳል። አንዲት ሴት ልትነግረኝ የጀመረችው ነገር ከንፈሯ ላይ ቀርቷል። «ሐይቁ ደግ ነው» አለች አንዷ ለራሷ። «ደግ ነው» አለች ሌላዋ። ቃሉ በተገለበጡት ታንኳዎች ላይ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። እማ ሳዲያ ዓይናቸውን ከውኃው አልነቀሉም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ቁጣዬ ወደ ላይ መጣ። ለእኔ እራት ነው የወጡት። ተናገሩ ልላቸው ነው፤ አሁን ካልተናገራችሁ መቼ ነው ልላቸው ነው። ስለ መቃብሩ፣ ስለ መስመሩ፣ እያንዳንዱን ነገር ራሴ ልጮኸው፣ ሐይቁንም በስሙ ጠርቼ ልሰድበው አፌን ከፈትሁ። ቆሜ ነበር።

ሂሻም አየኝ። ጠባዬን ያውቃል። ሰዎቹ ለቀውት ወደ እኔ መጣ፤ እጁ ደም ሆኗል፣ ገመዱ ልጦታል። ከላይ ያለውን ቅጽ አንሥቶ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ፈለገ። ድምፁ እንዳይሰበር ቀስ እያለ፣ እንደማያውቀኝ ሰው ጠየቀኝ።

«ኑሰይባ ሙሀመድሰዒድ። ሐይቁ ጎድቶሻል?»

መንደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዓይኖቹን አየሁ፤ እንደዚያን ቀን ለምኖኝ አያውቅም። ከኋላው ውኃው ጠቁሮ ነበር፤ ነጭ ቆብ የሚመስል ነገር ባየሁ ቁጥር አረፋ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አልሁት። «ሐይቁ ደግ ነው።»

እማ ሳዲያ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ፣ ከተቀመጡበት ታንኳ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከሥሬ ደንገሉ ገና እርጥብ ነበር።